ከጨው ተራ ወዲህና ወዲያ

በዚያ አርብ የነበረውን ሰው ሁሉ መቁጠር አይቻልም፤ ገበያ ነውና። ለዚህ ነገር የሚያስፈልጉት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ የት የት ቆመው እንደነበርም አስታውሳለሁ። ቢጫው ድንኳን በላይ በኩል፣ ከእህል ተራው ጫፍ ተተክሏል፤ ከፊቱ ቢጫ ካናቴራ የለበሰ ወጣት ድምፅ ማጉያ ይዞ ቆሟል። ቀዩ ድንኳን በታች በኩል፣ ከከብት ተራው መግቢያ ላይ ነው፤ እዚያ ከደብረ ታቦር የመጣች ወጣት ቀይ ኮፍያ አድርጋ እየጨፈረች ታስጨፍራለች። በሁለቱ መካከል ጨው ነጋዴዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ከጨው ተራው ትንሽ ወደ ላይ፣ በቢጫው በኩል፣ አበልጄ ተልባዋን በጆንያ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሴት ልጇን ክርስትና ያነሣሁላት እኔ ነኝ። እኔ ከጎኗ በርጩማ ላይ ነኝ። የእሷ ነፍስ አባት፣ የደብራቸው ቄስ፣ ከገበያው ዳር ጥላቸውን ዘግተው ቆመው በሕዝቡ መካከል ሰው ይፈልጋሉ። የሚፈልጉት እኔን ነበር።

አርብ ገበያ ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ በግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጠርሁ፤ በጡረታም ከዚያው ወጣሁ። የምሸጠው ባይኖረኝም አርብ አርብ ከአበልጄ ጎን እቀመጣለሁ። እሷ መንደሯ ራቅ ይላል፤ በእግሯ ነው የምትመጣው። ከተልባው ጋር ወሬዋን ይዛ ትመጣለች። ለሳምንት የሚበቃኝን ሳቅ ከእሷ ነበር የምሸምተው።

ለብዙ ዓመታት በአገራችን ስልክ የሚባለው የቢጫው ኩባንያ ብቻ ነበር። ብቻውን ስለነበረ ማንንም አይለምንም፤ የምንለምነው እኛ ነበርን። ቀዩ ኩባንያ ሲመጣ ግን ቢጫውም አፍ አወጣ። ሁለቱም በየአርቡ ድንኳን ተከሉ፤ ሞንታርቦ ደረደሩ፤ ከጠዋት እስከ ተሲያት ሲሟገቱ ይውላሉ። ሁለቱም ወጣቶች የገበሬ ልጆች ስለነበሩ ስድባቸው ለዛ ነበረው።

«ጎበዝ! ለአንዲት ‹ሃሎ› ከጉብታ ጉብታ መንከራተት አልሰለቻችሁም?» ትላለች የቀዩዋ ልጅ። «ጥርሱ የረገፈ በሬ ጠምዳችሁ እስከ መቼ ልታርሱ ነው?»

«ያረጀ በሬ ትልሙን ያውቀዋል!» ይላል የቢጫው። «ትናንት የመጣ ወይፈን ቀንበር ሲያይ ይደነብራል። የእንጀራ እናትም የመጣች ሰሞን ቅቤ ትቀባለች፤ ክረምት ሲገባ እንተያያለን!»

«ቅቤውን ዛሬ ተቀቡ፤ ክረምቱን ለክረምት ተዉት!»

ሕዝቡ ይስቃል። ከሁለቱም ቤት የሚሰጠውን የሚቀበለው ብዙ ነው፤ ጠዋት ቢጫ ካናቴራ ለብሶ የመጣ ገበሬ ከሰዓት በኋላ ቀይ ኮፍያ ደርቦ አህያውን እየነዳ ይመለሳል። አበልጄ ይህን ስታይ፣ «ሁለት አማት ያለው ሰው አይራብም» ትል ነበር።

ነገሩ ሁልጊዜ በሳቅ አላለቀም። አንድ አርብ የቀዩ ጨፋሪዎች ወደ ላይ ወጥተው ከቢጫው ድንኳን ደጃፍ ላይ ሰው ሲጠሩ ግብግብ ሆነ፤ የድምፅ ማጉያ ገመድ ተበጠሰ፤ የአንዲት ሴት እንቁላል ተረገጠ። ቀበሌ ገብቶ ወሰን አበጀላቸው። ከጨው ተራ ወደ ላይ የተቀመጠ የቢጫ፣ ወደ ታች የተቀመጠ የቀይ ይሁን፤ የሌላውን ሰው ከቦታው ጠርቶ የወሰደ በሚቀጥለው አርብ ድንኳን አይተክልም ተባለ። ጨው ነጋዴዎቹ፣ «እኛም ያለ ደመወዝ ድንበር ጠባቂ ሆንን» ብለው ተሳለቁ።

ቄሱ ሲያዩኝ አልተጣሩም፤ በዓይናቸው ብቻ ጠቀሱኝ። «ጨው ልይና ልምጣ» ብያት ተነሣሁ።

«እትዬ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «የአበልጅዎ ትልቁ ልጅ አረፈ።»

ወገዳ ሄዶ ነበር። እህል ከጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ ሲመለስ መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሬሳው ወደ ቤቱ እየመጣ ነው። ቄሱ የሰሙት አብሮት ከነበረ ሰው በስልክ ነው።

«እዚህ ገና ከእኔና ከእርስዎ በቀር ያወቀ የለም» አሉ። «ግን ስልክ አለ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። በእኛ አገር መርዶ በመንገድ አይነገርም። የሞተበት ሰው ቤቱ ይገባል፤ ወገን ይሰበሰባል፤ ሁለት ብርቱ ሰዎች ግራና ቀኙን ይይዙታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ነፍስ አባቱ ወይም ሽማግሌ አፍ የሚከፍት። እናት ስትሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠነቀቁላታል። ሰው በሐዘን ራሱን መሬት ላይ ይጥላል፤ የሚጥልበት መሬት የራሱ ደጅ ይሁን ነው ነገሩ።

ስልክ ከመጣ ወዲህ ይህ ሥርዓት ላልቷል። ወንድሜ ያረፈ ጊዜ ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ቆሜ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ አነሣሁት፤ ከወዲያ በኩል ለቅሶ ነው የሰማሁት። የወደቅሁት የማላውቀው ሰው ጤፍ ላይ ነበር። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ ውኃ ረጩኝ። ቢሆንም ያንን ለአበልጄ አልፈለግሁትም።

የእሷ ስልክ በአንገቷ ላይ ነበር። በእጇ በሰፋችው የጨርቅ ከረጢት ውስጥ በክር አንጠልጥላው ትውላለች። ትንሹ ልጇ ባሕር ዳር ነው፤ ከሰማ ለእናቱ መደወሉ አይቀርም።

ለመንደሩ ሰው ግን መነገር ነበረበት። ግማሹ መንደር ያን ቀን ገበያ ነው። ዳስ የሚጥል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ሬሳ የሚቀበል ያስፈልጋል፤ ሴቶቹም ቀድመዋት ቤቷ መግባት አለባቸው። እንዲህ ያለው ወሬ በጆሮ ነው የሚተላለፈው። ሁለቱ ሞንታርቦዎች እንደዚያ እየጮኹ ግን ለአንድ ሰው በጆሮው ለመንገር መጮህ ያስፈልጋል፤ ከጮኹ ደግሞ እሷ ትሰማለች።

«ሄጄ ሁለቱንም ዝም ላሰኛቸው» አሉ ቄሱ።

«አይሆንም አባ። ሁለቱም ድንገት ዝም ካሉ ገበያው ጆሮ ይሆናል። እሷም ምን ሆነ ትላለች። የላይኛው ዝም ይበል፤ የታችኛው ይጩህ። እሷን ወደሚጮኸው እንውሰዳት።»

«ስልኳስ?»

«ስልኳንም እዚያው።»

ትንሽ አዩኝና፣ «ይሂዱ» አሉኝ።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ቢጫው ልጅ ነው። አበልጄን ያውቃት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ተልባ የሚሸጡትን እናት? እንዴት አላውቃቸውም! ባለፈው አርብ ‹ጉሮሮህ ይለስልስ› ብለው ተልባ በጥብጠው አጠጡኝ።»

የሆነውን ነገርሁት። ከሁሉ በፊት ያደረገው ድምፅ ማጉያው መጥፋቱን ማየት ነበር። ከዚያ ራሱን ያዘ።

«ቀዮቹ ወደ እነሱ ይውሰዷት» አልሁት። «ስልኳን ይቀይሩላት። አሮጌው ቁጥር ዛሬ እንዳይሠራ ነው የምፈልገው። ወሰን ስላለ አንተ እሺ ማለት አለብህ።»

«አለቃዬ ማታ ማታ እየደወለ ስንት ሰው አስገባህ፣ ስንቱን ተነጠቅህ ይለኛል፣ እማማ። ዝም ካልሁ ደግሞ ለምን ዝም አልህ ነው።» ከድንኳኑ ጥግ ወደሚያጓራው ጄኔሬተር ዞረ። «ጄኔሬተሩ ነው እለዋለሁ። ጄኔሬተር አይመሰክርብኝም።»

ጎንበስ ብሎ አጠፋው። የላይኛው ገበያ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ቄሱም በሰው መካከል ገቡ።

የቀዩዋ ልጅ ግን አላመነችኝም። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ የሱ ተንኮል ነው» አለች ላቧን እየጠረገች። «ወሰን አልፌ ሰው ስጠራ ቀበሌ አምጥቶ ድንኳኔን ሊያስነቅለኝ ነው። ባለፈው የተናገረኝን አልረሳሁም፤ ደንባራ ወይፈን ነው ያለኝ።»

«አንቺም ጥርሱ የረገፈ ብለሽዋል።»

«እሱ ማስታወቂያ ነው!»

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ነገርኋት። ፊቷ ተለወጠ። ቀና ብላ ወደ ላይ ስትመለከት ልጁ ከሩቅ እጁን አነሣላት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። «ከበሮ!» ብላ ተጣራች።

እየጨፈሩ እስከ ጨው ተራው ድረስ መጡ። «የዛሬዋ ባለ ዕድል እናት እኒያ ናቸው!» አለች በድምፅ ማጉያው፤ «ተልባ ዘርግተው የተቀመጡት!»

አበልጄ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። «እኔን ነው? ዕድል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ታውቀኛለች?»

«እርስዎን ነው እማማ! ጥላ አለ፣ ነጻ ካርድ አለ፣ ስልክዎን ብቻ ወደ እኛ ይቀይሩ!»

«ልቀይር?» ሳቋ ቀነሰ። «የለም። ይህ አይሆንም።»

«ተነሺ እንጂ» አልሁ እኔ። «ጥላ በነጻ ሲሰጥ እንቢ ይባላል?»

«አንቺም እንዲህ ትያለሽ? ነፍስ አባትና ስልክ ሳያስፈቅዱ አይለወጥም!»

ጨው ነጋዴዎቹ ሳቁ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር። እኛ ዘንድ ነፍስ አባቱን የሚለውጥ ሰው አስቀድሞ የቀድሞውን ያስፈቅዳል፤ ሳይሰናበት የሄደ ሰው ንስሐው አይያዝለትም ይባላል። አበልጄ የስልኩንም ነገር እንደዚያው አድርጋ ነበር የያዘችው። ቢጫው ከተቀየመባት በአዲሱም መነጋገር የማትችል ይመስላት ነበር።

«ልጁ ተልባዬን የጠጣ ወዳጄ ነው» አለች። «ሳልሰናበተው ብሄድ ምን ይለኛል? ጥሩልኝ።»

ይህንን አላሰብሁበትም ነበር። ቀና ስል ልጁ ሰምቶ በራሱ እየመጣ ነው። በእህል ተራው ወርዶ ፊቷ ቆመ።

«እማማ፣ ሰማሁ።»

«ተቀየምህ?»

«አልተቀየምሁም።»

«ከሆድህ ነው? ኋላ ይህች ወይፈን ነጠቀችኝ ብለህ እንዳታማኝ።»

«ከሆዴ ነው። ፈቅጃለሁ፤ በደስታ ይሂዱ።»

«ተባረክ። ይህን ቁጥር ያወጣልኝ ትልቁ ልጄ ነው። ከወገዳ ሲመለስ ‹ለጥላ ብለሽ ሸጥሽኝ› ብሎ ነው የሚስቅብኝ።»

ልጁ የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ። ጫማው ማሰሪያ ያለው አልነበረም። የቀዩዋ ልጅ ይህን አይታ ከበሮውን አስመታች፤ አበልጄንም በክንዷ ይዛ አስነሣቻት።

ቀዩ ድንኳን ስንደርስ ስልኳን ከከረጢቱ አውጥታ በገዛ እጇ ሰጠቻቸው። አሮጌውን ሲም ካርድ ሲያወጡት እኔ ተቀብዬ በወረቀት ጠቅልዬ ያዝሁት። አዲሱን ማስገባት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ልጅቱ ግን አውቃ አዘገየችው። አሻራ አልያዘም አለች፤ ስም ተሳሳተ አለች። በመካከሉ ቀዩን ጥላ ከፍታ አበልጄን አስያዘቻትና በዙሪያዋ መጨፈር ጀመሩ። አበልጄ መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። ሰው እልል አለ። እኔም አጨበጨብሁ።

በላይ በኩል የመንደሯ ሰው አንድ በአንድ ጭነቱን እያነሣ ነበር። አንዱ ሳይሸጥ ገብሱን መልሶ አህያው ላይ ጫነ፤ አንዷ የሽንኩርት መደቧን ለጎረቤቷ ትታ ሄደች። ቄሱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳሉ፤ በጥቂት ቃል ተናግረው ያልፋሉ። ማንም አልጮኸም። ይህንን ሳስብ የአገሬን ሰው አመሰግናለሁ፤ ያን ያህል ሰው አንድ ነገር ይዞ፣ ሳያፈስስ ገበያውን ለቅቆ ወጣ።

አንዲት ሴት ብቻ፣ የአበልጄ የቅርብ ጎረቤት፣ ዓይኗ ቀልቶ ወደ እኛ ስትመጣ አየሁ። ልብ አላለችም፤ እግሯ ነው ያመጣት። እኔ ከመነሣቴ በፊት የቀዩዋ ልጅ ደርሳ እጇን ይዛ፣ ወደ ጭፈራው የምታስገባት መስላ አዙራ አሳለፈቻት። ይህን ማንም አልነገራትም።

«ዛሬ የላይኛው ገበያ ምን ነካው?» አለች አበልጄ። «ቶሎ ተበተነ።»

«ዝናብ ፈርተው ይሆናል።»

«እንኳን ጥላ አገኘሁ!»

ጊዜው ሲበቃ፣ «ተነሽ፤ ዛሬ ክርስትና ልጄን ልያት፣ አብሬሽ እመጣለሁ» አልኋት። ተልባዋን ቋጠርን። ልንሄድ ስንል ሁለቱ ወጣቶች ከኋላዬ ደረሱ። ልጁ፣ «እማማ፣ ቤታቸው ሳይደርሱ ሰሙ ወይስ ደረሱ፣ ምናለ ቢነግሩን?» አለኝ። ልጅቱም ቀና ብላ ጠበቀችኝ። እነግራችኋለሁ አልኋቸው።

መንገዱን ሁሉ ስታወራ ሄደች። ስለ ጥላው፣ ስለ ጭፈራው፣ ባለፈው ዓመት ስለ ታመመች ላሟ። እኔ «እህ» እያልሁ እሰማታለሁ። ስልኳ በአንገቷ ላይ ነበር፤ አዲሱን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አልጮኸም። ከመንደሯ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ስንደርስ ቤቷ ይታያል። ደጁ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። ቆመች። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችኝም። ጥላውን ራሷ አጠፈችና፣ «ያዥልኝ አበልጄ» አለችኝ። ቁልቁለቱን በእግሯ ወረደች። ከደጇ ስንደርስ ሁለት ሴቶች ክንዶቿን ያዙ፤ በሌላ መንገድ ቀድመውን የገቡት ቄስ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን፣ «ሁላችሁም አውቃችሁ ነበር» አለችኝ። «እያወቃችሁ አስጨፈራችሁኝ።»

ይህንን ቀን ስፈራው ነበር።

«አንድ ሰሞን ተናድጄባችሁ ነበር» አለች። «ኋላ ሳስበው፣ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። በወገኔ እጅ ላይ ነው የወደቅሁት። እግዜር ይስጣችሁ። ለእነዚያም ልጆች።»

አሮጌውን ቁጥር መልሱልኝ አለች። ልጇ ያወጣላት ነውና ማንም አልተከራከራትም። የቢጫው ልጅ ራሱ መለሰላት፤ የቀዩዋም አልተቀየመችም።

ዛሬም ሁለቱ ኩባንያዎች ይጮኻሉ፤ እንዲያውም ብሶባቸዋል። የከተማችን ሰው አርብ ሲመጣ ጆሮውን ይይዛል፤ አቤቱታ ያቀረበም አለ። ልክ ናቸው፤ ይረብሻል። እኔ ግን ጆሮዬን አልይዝም። ያን ቀን ያ ጩኸት ባይኖር ምን ይሆን እንደነበረ አውቃለሁና።

የመርዶው ዕለት ግን ገና አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። የሴቶች እድር ዕቃ የሚቀመጠው ከተማ ነው፤ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ በእኔ እጅ ነው። ለለቅሶ ቤት ድስትና ምንጣፍ ያስፈልግ ስለነበር፣ ከሴቶቹ ጋር ጥቂት ከተቀመጥሁ በኋላ አህያ የያዘ ሰው ተከትሎኝ ወደ ከተማ ተመለስሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ገበያው ተበትኖ ገለባና የጨው ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል። ድንኳኖቹ ተጣጥፈዋል። ሁለቱ ወጣቶች ጨው ነጋዴዎቹ በለቀቁት ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ጄኔሬተርህ ተሠራ?» ትለዋለች።

«ያንቺን ድምፅ ሰምቶ ነው የታመመው።»

ሲያዩኝ ሁለቱም ተነሡ።

«ደረሱ?» አለ ልጁ።

«ደረሰች።»

«የት ሰሙ?»

«ቤቷ። ወገኖቿ ይዘዋት።»

ልጅቱ ኮፍያዋን አውልቃ ፊቷን ሸፈነችበት። ልጁ የካናቴራውን ጫፍ ያዝ አድርጎ፣ «ነገ ለቀብር እንመጣለን። ይህን ካናቴራ ለብሰን ግን አይደለም» አለ።

«እኔ ሌላ ልብስ አልያዝሁም» አለች ልጅቱ ከኮፍያው ሥር።

«ከእህቴ እለምንልሻለሁ።»

ልጅ ወልጄ አላሳደግሁም። ሁለቱን ግንባራቸውን ሳምኋቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁና ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድሁ።